ስምንተኛዋ ፊደል

ስምንተኛው ሺህ ደረሰ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ልጅ አባቱን አይሰማም፣ ዝናብ ወቅቱን አይጠብቅም፣ ሰው ሰውን አያምንም ይሉ ነበር አያቴ። ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ የተረዳሁት ነገር ቢኖር የኔ ፍዳ ከሺሁ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ነው። የኔ ፍዳ የመጣው ከስምንተኛዋ ፊደል ነው።

የምን ፊደል ትሉኝ ይሆናል። «ስቴሽነሪ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ ታፔላ ላይ አለ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 10 ፊደል ነው። 8ኛዋ ቦታ ላይ «ኤ» ከገባች ትርጉሙ የማይንቀሳቀስ፣ ባለበት የቆመ ይሆናል። በዚያችው ቦታ «ኢ» ከገባች ደግሞ ወረቀት፣ ፖስታ፣ እስክሪብቶ፣ ክላሰር፣ ባጠቃላይ የጽሕፈት መሣሪያ ማለት ነው። የቀሩት 9 ፊደላት ያው ናቸው። ድምፁም ያው ነው፤ የቋንቋው ባለቤቶች እንኳ በጆሯቸው አይለዩትም፣ በእጃቸውም ይሳሳቱበታል።

በኛ ፊደል ስጽፈውማ ይኸው ጭራሽ አንድ ሆኖ አረፈው፦ ስቴሽነሪ እና ስቴሽነሪ። ልዩነቱን ላስረዳ ብዕር ያነሣሁት ሰውዬ ልዩነቱን ማሳየት እንኳ አልቻልኩም። ስለዚህ «ባለ ኤዋ» እና «ባለ ኢዋ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሌላ መላ የለኝም።

ከቤቴ ተነሥቼ ታክሲ ተራ እስክደርስ ሰባት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫዎች አልፋለሁ። ከሰባቱ አምስቱ ባለ ኤ ናቸው። አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱማ ማታ ማታ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት «የማይንቀሳቀስ እና ፎቶ ኮፒ» ይላሉ፤ እንግሊዝኛውን አምኖ ላነበበ ማለቴ ነው። ስድስተኛው ባለ ኢ ነው፤ ግን መሐል ላይ ያለችውን «ኦ» ዘሏታል። ሰባተኛው በትክክል ጽፎታል። እሱ ሱቅ ግን በሄድኩ ቁጥር ዝግ ነው።

ከነዚህ ሁሉ የምቀርበው አንዱን ልጅ ነው። ትሑት ነው፣ ፎቶ ኮፒው አይደበዝዝም፣ መልስ አያጎድልም። ታፔላው ባለ ኤ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀይሯል። መጀመሪያ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ተነሣ። ቀጥሎ የገባበት ቤት አከራይ ኪራዩን እጥፍ አደረገበት። ከዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ገባ፤ ኮንቴይነሩም ተነሣ። አሁን ያለው አንድ ሕንፃ ሥር፣ ደረጃው ጥግ ነው። በተዛወረ ቁጥር ታፔላውን ነቅሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል። በዓይኔ አይቻለሁ፦ «የማይንቀሳቀስ» የሚል ታፔላ የተሸከመ ሰው፣ መኪና እየሸሸ አስፋልት ሲሻገር።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና ነገርኩት።

«ይቺ ፊደል እኮ ልክ አይደለችም።»

«የቷ ጋሼ?»

«ስምንተኛዋ።»

በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ታፔላ ሠሪው እኮ ያስከፈለኝ በካሬ ነው እንጂ በፊደል አይደለም» አለኝ። ለዚህ ምን ይመለሳል? ዝም ስል ጊዜ ያዘንኩ መሰለው መሰለኝ፣ «ደንበኛ ደብተር ፈልጎ ይመጣል፣ ደብተር እሰጠዋለሁ፤ እስካሁን ተጣልተን አናውቅም» ብሎ ጨመረልኝ።

ለነገሩ ልጁን ብቻ ምን አደረገ ብዬ እወቅሰዋለሁ? በኛ አገር ሁለተኛ ደረጃ ከገቡ ወዲህ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ይህን ቃል መጽሐፍ ውስጥ የሚያገኘው ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው፦ ያልተንቀሳቀሰ አካል፣ ባለበት የሚርገበገብ ሞገድ፣ ሁሉም ባለ ኤ። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ይሸመደዳል፣ ነጥብ ይያዝበታል። ባለ ኢዋን ግን ማን ያስተምረዋል? ወረቀትና እስክሪብቶ ፈተና ላይ አይመጡም። ተማሪው አድጎ ሱቅ ሲከፍት በጭንቅላቱ ውስጥ ያለችውን፣ ነጥብ ያገኘባትን ያወጣና ታፔላ ሠሪው እጅ ላይ ያስቀምጣታል። ሌላው ደግሞ ከሱ ታፔላ ይገለብጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት አይደል!

እንግሊዞች ለልጆቻቸው የሚነግሩት ዘዴ አለ። «ኢ የኤንቨሎፕ ናት፤ ስለዚህ ወረቀቱና ፖስታው ባለ ኢ ነው» ይላሉ። አንድ መምህር ይህንኑ ሲያስተምሩ ሰምቼ ልቤ ደነገጠ። መጀመሪያ ነገር እኛ ኤንቨሎፕ አንልም፤ ፖስታ ነው የምንለው። ፖስታን በእንግሊዝ ፊደል ብትጽፉት መጨረሻው ላይ የምታገኟት ያቺኑ «ኤ»ን ነው፤ ዘዴው ወደ ገደል ይወስዳችኋል። ሁለተኛ ነገር ፊደሏን ስንጠራት «ኢ»፣ ስናነባት «ኤ»፤ ሌላዋን ስንጠራት «ኤ»፣ ስናነባት «አ»። በዚህ ላይ «ኤንቨሎፕ» በኛ ፊደል ሲጻፍ በኤ ይጀምራል። እንግዲህ ልጁ «ኢ የኤንቨሎፕ ናት» ሲባል የቷን ይያዝ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ሳልደግመው አይገባኝም።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ በኔ ላይ ስለደረሰ ነው። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ነው፤ ስሙ ይቆየን። ከውጭ ሰዎች ጋር ስለምንሠራ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ዓመት፣ ሰኔ ገባ፣ በጀት ሰኔ 30 ሊዘጋ ነው፣ ወረቀት አልቋል። እኔም በጊዜ ብዬ ደብዳቤ አዘጋጀሁ፦ 40 ደስጣ ወረቀት፣ ክላሰር፣ ስቴፕለር ከነሽቦው፣ የማኅተም ቀለም። ርእሱ ላይ «የስቴሽነሪ ግዢ ስለመጠየቅ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። እጄ አመለጠኝ፤ ባለ ኤ ሆነች።

ደብዳቤው ለፈቃድ ወደ አንድ ኃላፊ ሄደ። ሰውዬው እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ ነው፤ ያውቃልም፣ በግማሽ። ፊደሏን በቀይ አከበባትና ከጎኗ በአማርኛ «የማይንቀሳቀስ ንብረት ግዢ የዚህ ክፍል ሥልጣን አይደለም» ብሎ መለሰው። ቀልዶብኝ ነው። ቀልዱ ደግሞ ጥሩ ነበር፤ ፎቅ ለፎቅ ተዞረ። ሳቅሁ። አርሜ መለስኩለት። እሱ ግን መስክ ወጥቷል። ከመስክ ሲመለስ ስብሰባ ገባ። ከስብሰባ ሲወጣ ሐሙስ ነበር፣ ዓርብ ፈቃድ ወሰደ። የተፈረመበት ደብዳቤ እጄ ሲገባ ሐምሌ 2 ነው። በጀቱ ተዘግቷል፣ ገንዘቡ ተመልሷል። እስከ መስከረም በአሮጌ ሰነድ ጀርባ ላይ አተምን። በፊት ለፊቱ የ2005 ዓ.ም. የጎማ ጨረታ ያለበት ጥብቅ ደብዳቤ ለስንት ሰው ልከናል።

ይህ ሳያንስ፣ የፈረመበትን ልብ ብዬ ባየው በእጁ «አፕሩቭድ ኢን ፕሪንሲፓል» ይላል። በመርሕ ደረጃ ተፈቅዷል ማለቱ ነው፤ መርሕ ግን ፕሪንሲፕል ነው። ፕሪንሲፓል ርእሰ መምህር ነው፤ ባንክ ቤት ከሆነም ወለዱ ሲቀር ያለው ዋናው ብድር። እንግዲህ የኔ ወረቀት የተፈቀደው ርእሰ መምህሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቀይ እስክሪብቶ ነበረኝ። አላነሣሁትም። የልጆች አባት ነኝ።

ኮምፒውተሩስ አያርምም ወይ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ የኔው አሮጌ አያርምም። ባለ ኤዋም ባለ ኢዋም በመዝገበ ቃላት ያሉ ቃላት ስለሆኑ የቱን እንደፈለግሁ አያውቅልኝም፤ ዝም ብሎ ያሳልፈኛል። የገዛ ስሜን ስጽፍ ግን አንድም ቀን ቀይ መስመር ሳያሰምርበት ቀርቶ አያውቅም።

ብስጭት መጽሐፍ ያስገልጣል። ገለጥኩ። ያገኘሁት ይባስ አናደደኝ፤ ሁለቱ ስቴሽነሪዎች ለካ የአንድ እናት ልጆች ናቸው! እናትየው ላቲን ናት፤ ትርጉሟ መቆም ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አብዛኛው ነጋዴ ዕቃውን ተሸክሞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነበር። መጽሐፍ ሻጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ በዚህም የተነሣ ባለበት የቆመ ማለት ሆኖ ስሙ ወጣለት። በቦሎኛና በፓሪስ እነዚህ ሰዎች አንዱን መጽሐፍ ጥራዝ በጥራዝ ፈተው፣ እያንዳንዱን ክፍል በተወሰነ ዋጋ ለገልባጭ ተማሪ ያከራዩ ነበር። የዛሬው ፎቶ ኮፒ ቤት ያኔም ነበረ ማለት ነው፤ የጎደለው ማሽኑ ብቻ ነው። በለንደን እነዚሁ ሰዎች በ1403 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቋሙ፣ በ1557 ከዘውዱ ቻርተር ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ማሳተም የፈለገ ሰው በነሱ መዝገብ ላይ ሳያስመዘግብ አይሆንለትም ነበር፤ ይህ ሥልጣናቸው የተሰበረው በ1710 በወጣው የቅጂ መብት ሕግ ነው። በኋላ የሻጩ ስም ወደ ሸቀጡ ዞረና ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ብዕሩም ባለ ኢ ስቴሽነሪ ተባለ። የእንግሊዝ መንግሥትም በ1786 ይህንኑ ስም የያዘ፣ ለመሥሪያ ቤቶቹ ወረቀትና ቀለም የሚያቀርብ ቢሮ ከፈተ። እነሱ ለወረቀት ግዢ ቢሮ ከፈቱ፤ እኔ ለ40 ደስጣ ክረምቱን ከረምኩ።

(በነገራችን ላይ እኛም ብራና ላይ አሳምሮ የሚጽፈውን ሰው «ቁም ጸሐፊ» እንለዋለን፤ ጽሕፈቱንም ቁም ጽሕፈት። የኛ ቁም ቀጥ ብሎ የሚቆመው የፊደሉ መልክ ነው፣ ከላቲኑ ጋር የተገናኘውም እንዲያው በአጋጣሚ። ቢሆንም ደስ አለኝ። በዚህ ጉዳይ ደስ ያለኝ ይኸው ብቻ ነው።)

እንግዲህ የልጁ ታፔላ በታሪክ ዓይን ሲታይ ያን ያህል ጥፋት የለበትም ማለት ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ ማለት ከመነሻው ባለበት የሚቆም ነጋዴ ነበር። ልጁ ያላሟላው ያቺን አንዷን፣ መቆሟን ነው። እሷንም ቢሆን ማን አስቁሞት!

እቤት ሆኜ ይህን ሳማርር ልጄ ሰማችኝ። «አባዬ፣ አማርኛውን መቼ ጨረስከው?» አለችኝ። ወረቀት አወጣችና «የጽሕፈት መሣሪያ»ን ትጽፍ ጀመር። ጽ አለ፣ ፅ አለ። ህ አለ፣ ሕ አለ፣ ኅ አለ። ሣ አለ፣ ሳ አለ። አባዝታ 12 ዓይነት አጻጻፍ አወጣችልኝ፤ ሁሉም የሚነበቡት አንድ ዓይነት ነው። ትክክለኛው አንዱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጽሕፈት ከጸሐፈ፣ መሣሪያ ከሠራ እንደመጡ በልጅነቴ ተገርፌ ተምሬያለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ከ12ቱ በየትኛውም ብትጽፉት ደብዳቤያችሁን የሚመልስባችሁ ሰው የለም።

ትርጉም የሚያፋልስ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ከሰው ቤት ብቻ አይደለም ጉዱ። አንድ ሚኒባስ ኋላ ላይ «ድህነቴ በእግዚአብሔር ነው» የሚል ጥቅስ አይቻለሁ። ሰውዬው መዳኑን ሊመሰክር ፈልጎ ነበር፤ ያ በኅ ነው፣ ድኅነት። እሱ የጻፈው ችጋሩን ነው፤ ችጋሩንም ያሳበበው በፈጣሪው ላይ ነው። ፀሐይ ሠረቀች ሲባልም በሠ ካልሆነ ፀሐይን ሌባ ያደርጋታል። ይህን ለልጄ ስነግራት «ታዲያ እንግሊዞቹን ለምን ትታዘባለህ?» አለች። አልመለስኩላትም። የልጅ ጥያቄ ሁሉ አይመለስም።

ሌላም ሌላም አለ፤ ካነሣሁት ይመሻል። ምግብ ቤት ገብታችሁ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን ጣፋጭ ስትፈልጉ ዝርዝሩ ላይ «በረሃ» ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ አንዲት «ኤስ» ናት የጎደለችው። ስፖርት ቤቱ ክብደትዎን እናስቀንሳለን ሊል «ክብደትዎን ያላሉ» ይላል። ጸጥታ ይከበር የሚለው ማስታወቂያ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠውበት ምንም የማይል ሆኖ ተሰቅሏል፤ ሰውም እንደተጻፈው ያወራል። እነዚህን ለምጃቸዋለሁ። ስቴሽነሪን መልመድ ነው ያቃተኝ፤ እንጀራዬ ስለሆነ ይሆናል።

የሚገርመኝ ግን ይህ ሁሉ እንግሊዝኛ ለማን እንደተጻፈ ነው። ልጁ ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብዬ ከሰዓት ሙሉ ደንበኛውን አይቻለሁ። ደብተር ልትሸፍን ላስቲክ የምትገዛ እናት፣ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ የሚያስደርግ ጉዳይ ባይ፣ ላጲስ የጠፋባት የሦስተኛ ክፍል ልጅ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሽማግሌ። ፈረንጅ አልመጣም። ቢመጣም ወረቀቱን በመስታወት ያየዋል እንጂ ታፔላ ቆሞ አያነብም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ፤ እኛ ደግሞ የሰውን ወርቅ ገልብጠን ነው የምናጠልቀው።

ቃሉን አንዋስ አላልኩም። እኔም ቤቴ ውስጥ «ስቴሽነሪ ደርሼ ልምጣ» ነው የምለው፤ «የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ደርሼ ልምጣ» ብል ባለቤቴ ሐኪም ትጠራብኛለች። ያቺ ልጅ የጠፋባት ላጲስስ ከየት መጣ? ጣሊያኖች ላጲስ የሚሉት እርሳስን ነው። እኛ ተቀብለን ማጥፊያ አደረግነው፤ የሚጽፈውን የሚያጠፋ አድርገን አረፍነው! ለዚህ ግን ማንም ቀይ እስክሪብቶ አላነሣብንም፣ የማንም በጀት አልተዘጋም። በኛ አፍ ገብቶ በኛ ፊደል ስለተጻፈ የኛ ሆኗል። ስቴሽነሪም እንደዚያው ነው። እላይ በኛ ፊደል ስጽፈው ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ ብዬ አማርሬ አልነበር? እስቲ ደግማችሁ እዩት፤ በኛ ፊደል ስምንተኛ ፊደል የሚባል ጣጣ የለበትም። መሳሳት ቢፈልጉ እንኳ አይሳሳቱትም። ባለ ሱቆች፣ እባካችሁ፣ በአማርኛ ጻፉትና ገላግሉን።

ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት። አሰበበት። «እሺ ጋሼ፣ ግን እንግሊዝኛውም ከሥር ቢኖር አይከፋም፤ ሱቁ ባዶ ይመስላል» አለ። በዚህ ተስማማን። እንግሊዝኛውን በወረቀት ጻፍልኝ አለኝና ጻፍኩለት፤ ስምንተኛዋ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፣ ዞር ብዬ ስልኬን አየሁ። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ታፔላ ተሰቀለ። ከላይ በአማርኛ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ፣ ባለ ኢ፣ 10ሩም ፊደላት በየቦታቸው። ግድግዳው ላይ በብሎን አሳሰረው፤ ከእንግዲህ አልሸከምም ብሎ። ሻይ ጋበዝኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ፖስታ ልገዛ ብሄድ ሱቁ ዝግ ነው። በሩ ላይ «ወደ ጀርባው ሕንፃ 2ኛ ፎቅ ተዛውረናል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አዲሱ ታፔላ ብሎኑ አልፈታ ብሎ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ዞሬ 2ኛ ፎቅ ወጣሁ። ከበሩ በላይ አሮጌው ተሰቅሏል።